የሊባኖስ ተራራ በቁምሳጥን በር ላይ

የቁምሳጥን በር ላይ ምግብ ቀርቦ ያየሁት በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

አሁን እንግዳ ሲመጣብኝ ፎርማጆና ፍራፍሬ የምደረድርበት ጣውላ ዋንዛ ነው፤ ዳር ዳሩ ተልጎ የለሰለሰ፣ መያዣ ያለው። የባንክ ባልደረቦቼ ከሜክሲኮ በእግራቸው መጥተው አራተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለኩ ይወጣሉ። ጣውላውን ሲያዩ ድካማቸውን ይረሱና ስልክ አውጥተው ፎቶ ያነሳሉ። «የት ተማርሽው ግን?» ይሉኛል። ጓደኛዬ ትሕትና ቀድማኝ «ከዩቲዩብ ነዋ፤ ከየት ይሆናል» ትላለች። አላርማትም። ከአክስቴ ነው ብዬ ከጀመርኩ ወሬው አያልቅም፤ ፎርማጆውም ይደርቃል፤ እኔም ሆዴ ይባባና እንግዶቼን ማስተናገድ ያቅተኛል።

ዛሬ እሑድ ነው፤ እንግዶቹ እስኪመጡ ጊዜ አለኝ። ወይኑን አጥቤ እስኪንጠፈጠፍ እየጠበቅኩ ነው። እናቴ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀች ታንቀላፋለች። ለማንም ያላወራሁትን ለዚህ ወረቀት ባወራው ምን ይለኛል።

እቴቴ ድንቅነሽ ከሊባኖስ የመጣች ጊዜ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። የምንኖረው እዚሁ ልደታ ነው፤ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ በነበረው ሰፈር፣ አንድ ቧንቧ ለሁሉም ቤት በሚያገለግልበት ግቢ ውስጥ። ዛሬ ግቢው በነበረበት ላይ የኮንዶሚኒየሙ መኪና ማቆሚያ አለ። አንዳንዴ በመስኮት ቁልቁል እያየሁ ቤታችን በየትኛው መኪና ሥር እንደነበረ ለመገመት እሞክራለሁ። አንድም ቀን እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም።

እቴቴ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ቤሩት ሰው ቤት ልትሠራ ስትሄድ እኔ ገና ሕፃን ስለነበርኩ፣ በሩን ገፋ አድርጋ ስትገባ እንደ አዲስ ሰው ነው ያየኋት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ሴት ናት። ሻንጣዋ የማላውቀው ሳሙና ይሸት ነበር። ያን ሽታ ዛሬም መንገድ ላይ በአንዲት ሴት አጠገብ ሳልፍ አገኘዋለሁ። ዞር ብዬ አያለሁ፤ አይደለችም።

ሊባኖስን ደግሞ በደንብ አውቃት ነበር። እማማ ጠጅቱ የግቢያችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ በየዓመቱ ግንቦት ልደታ ሲደርስ ይተርኩልን ነበር። ሃናና ኢያቄም የሰው ዓይን ሸሽተው ወደ ሊባኖስ ተራራ ወጡ፤ እመቤታችንን እዚያው፣ ቤት በሌለበት፣ ደጅ ወለዷት፤ ንፍሮና ፍራፍሬ በሉ። «ለዚህ ነው ልደታን ደጅ የምናከብረው» ይሉናል። «ለዚህ ነው የልደታ ምግብ ተመልሶ ቤት የማይገባው። እዚያው በልቶ ጨርሶ ነው የሚገባ።» እንግዲህ አክስቴ ከዚያ ተራራ ወርዳ እኛ ቤት መጣች ማለት ነው። እማማ ጠጅቱ ራሳቸው በወሬ ብቻ የሚያውቁትን አገር እሷ በእግሯ ረግጣዋለች። ለክፍሌ ልጆች ሁሉ አወራሁ።

የግቢው ሴቶች ግን እንደ እኔ አልኮሩባትም። ቧንቧው ጋ ወረፋ ስንጠብቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ጆሮዬን አቁሜ እሰማቸው ነበር።

«ውሏን ሳትጨርስ?»

«ደሟን አይተው ነው አሉ የመለሷት።»

«ውይ በሞትኩት። እህቷ ታውቃለች?»

«ባታውቅ ነው ዕቃ የለየችላት?»

ወዲያው ገባኝ። ሊባኖሶቹ ደሟን አዩና የእነሱ ዘመድ አለመሆኗን አወቁ፤ የእኛ ሆና ስላገኟት ለእኛ መለሱልን። ደግ ሰዎች ናቸው አልኩ።

ስለ ዕቃውም የራሴ ትርጉም ነበረኝ። እቴቴ የራሷ ኩባያ አላት፤ ሰማያዊ አበባ ያለበት፣ ክዳን ያለው። ሳህኗም፣ ማንኪያዋም፣ ፎጣዋም ለብቻ ነው፤ የሚቀመጠውም ለብቻው ነው። እኛ ባገኘነው የጣሳ ኩባያ ነው የምንጠጣው። ያ ሁሉ ክብር ለእሷ ብቻ ሲሰጥ ቅናት አንጨረጨረኝና አንድ ቀን ማንም ሳያየኝ በዚያ ኩባያ ውሃ ቀድቼ ጠጣሁ። እናቴ ደረሰችብኝ። መትታኝ የማታውቅ ሴት በጥፊ አጮለችኝና፣ እየጎተተች ወስዳ አፌን በጨው ውሃ አስጉመጠመጠችኝ። እቴቴ በሩ ላይ ቆማ ታያለች።

«እናትሽ ልክ ናት» አለችኝ በኋላ፣ ዓይኔን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «እሱ የእኔ ነው፣ ሩሃማ። አንቺ የራስሽ አለሽ።»

ንፉግ ናት ብዬ አኮረፍኳት።

ኤች አይ ቪ የሚለው ቃል በቤታችን ተጠርቶ አያውቅም። እናቴ የነገረችኝ እኔ ትምህርት ጨርሼ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው። ያኔ ሬዲዮው አብሮ በመብላት አይተላለፍም እያለ በየቀኑ ይለፍፍ ነበር፤ እናቴም ሬዲዮ ትሰማለች፤ ራሷንም ትነቀንቃለች። ማመኑ ነው ያቃታት። አባቴ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ስለነበር ቤት ከሚያድርበት መንገድ የሚያድርበት ይበዛል። እሷ ደግሞ አንዲት ልጇንና አንዲት እህቷን በአንድ ክፍል ውስጥ ይዛ፣ ሁለቱንም ላለማጣት የምታውቀው ዘዴ ኩባያ መለየት ብቻ ነበር። እህቷን አትወድም ማለት አይደለም። ገላዋን ታጥባታለች፤ ሾርባ ትሠራላታለች፤ ስትስል ጀርባዋን ታሽላታለች። አብራት አትበላም እንጂ። ገበታ ሲቀርብ «አንቺ ብዪ፤ እኔ ቆየት ብዬ እበላለሁ» ትላታለች። እቴቴም አንገቷን ደፍታ ለብቻዋ ትበላለች። እናቴ ምግብ የማትወድ ሴት ትመስለኝ ነበር።

ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል እቴቴ ትንሽ ጠንከር አለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እናቴ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ «ለልደታ እኔም የራሴን ላቅርብ» አለች።

እናቴ ቢላዋውን አቆመች። «ምን አደከመሽ? ንፍሮና ዳቦ አቀርብ የለም እንዴ፤ የሁለታችን ነው።»

«የእኔ ይለያል፣ እታለም። እመቤቴ እንግዳ ሲመጣባት ፎርማጆና ፍራፍሬ የምደረድርላት እኔ ነበርኩ። ዝም ብሎ መከመር እንዳይመስልሽ፤ ሐሳብ አለው። አንዱን ቀን ባሕር አስመስለዋለሁ፣ አንዱን ቀን የአትክልት ቦታ። እንግዶቹ እጃቸውን ሊሰዱበት ይሳሳሉ። ስንት ዓመት ስደረድር ኖሬ አንድ ቀን አብሬ ተቀምጬ አልበላሁም። እኔ ጓዳ ነው የምበላው፤ ለብቻዬ። አገሬ ስገባ ግን…»

አልጨረሰችውም። እናቴም መክተፏን ቀጠለች። ሽንኩርቱ ነው መሰለኝ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። እቴቴ ወደ እኔ ዞር አለችና «ዘንድሮ ተራራ ነው የምንሠራው» አለችኝ። «የሊባኖስን ተራራ።»

ከዚያ በኋላ ኩርፊያዬን ረሳሁት። እቴቴ እርጎ በንጹሕ ነጠላ ቋጥራ ደጅ ካለው ምስማር ላይ ሰቀለችው፤ ውሃው ጠብ ጠብ ሲል ውሎ አደረ። በማግሥቱ ስትፈታው እርጎነቱ ቀርቶ ጠንከር ያለ ነጭ ፎርማጆ ሆኗል፤ ጥቁር አዝሙድና ጨው ጣል አደረገችበት። ሜክሲኮ አካባቢ ካለ ሱቅ ደግሞ ቀይ ሰም የለበሰ ፎርማጆ ገዝታ መጣች። ሰሙ የሚበላ መስሎኝ ነከስኩት፤ አፏን ሸፍና እስኪያማት ሳቀችብኝ። ቴምሩን የሰጧት ከግቢያችን በር ፊት ለፊት እንቁላልና ቅቤ የሚሸጡት ጋሼ ኑሪ ናቸው። እናቴም ምንም ሳትናገር ወተት ገፍታ አይብ አወጣችላት።

ጣውላ ግን አልነበረንም። የእናቴ ቁምሳጥን አንደኛው በሩ ተገንጥሎ ግድግዳ ተደግፎ ይኖር ነበር። እቴቴ እሱን ወደ ደጅ አወጣች፤ በሳሙና ፈግፍጋ አጠበችው፤ ፀሐይ አስመታችው፤ የኮባ ቅጠል አለበሰችው። መክፈቻው ጎድጎድ ያለበትን ቦታ አይታ «እዚህ ጋ ማር አፈስበታለሁ፤ ሐይቅ ይሆናል» አለች።

የልደታ ዕለት ጠዋት ሁለት የለስላሳ ሳጥን አስደግፋ በሩን ግቢው መሐል ዘረጋችው።

«ለምን ቤት ውስጥ አትሠሪውም?» አልኳት።

«ሰው እንዲያየኝ ነዋ።»

ጉራዋን ወደድኩላት። ጓንትም አጥልቃ ነበር፤ የሐኪም ዓይነት ነጭ ጓንት። የሊባኖስ ሴቶች ምግብ ሲሠሩ እንዲህ ነው የሚዘንጡት አልኩ። አሁን ፎርማጆ በቆረጥኩ ቁጥር ያ ጓንት ትዝ ይለኛል፤ አንጀቴን ይበላዋል። ደጅ የሠራችው፣ ጓንቱንም ያጠለቀችው፣ ሴቶቹ ወደ ቧንቧው ሲመላለሱ እጇ ምግቡን እንዳልነካ አይተው እንዲመሰክሩላት ነበር። እነሱም አይተዋል። በባልዲያቸው አጠገባችን ሲደርሱ ቀስ ይላሉ፤ ከዚያ ይፈጥናሉ።

መጀመሪያ ተራራው ቆመ። አይቡን ከመረችና የጠለለውን እርጎ አለበሰችው፤ በማንኪያ ጀርባ ዳገትና ቁልቁለት አወጣችለት። «ጫፉ ላይ በረዶ አለ» አለችኝ። «ከምሠራበት ቤት ሰገነት ላይ ሆኜ ልብስ ሳሰጣ ከሩቅ ይታየኝ ነበር።» ቀዩን ፎርማጆ ቆራርጣ ቋጥኝ አደረገችው። የጥብስ ቅጠል እየቀነጠሰች ዳገቱ ላይ ስትተክል የዝግባ ጫካ ሆነ። ከተራራው ግርጌ ወይን፣ ከወይኑ ወዲህ ማንጎ፤ ፓፓያውን ስትጠልቅ ያለች ፀሐይ አስመስላ ከጀርባ አቆመችው። በመጨረሻ ቴምሮቹን አሰልፋ መንገድ አወጣች። መንገዱ ላይ ሃናንና ኢያቄምን የማቆም ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ፤ ሁለት ለውዝ መርጬ አቆምኳቸው።

«እዚያ ድረስ ይደርሳሉ?» አልኳት።

«ይደርሳሉ።» አንዱን ቴምር በጣቷ አስተካከለች። «ዋናው እናትሽ ትብላልኝ። እሷ ከበላች ሌላው የራሱ ጉዳይ ነው።»

«እማዬ ፎርማጆ አትወድም እንዴ?»

«ትወዳለች። ልጆች ሳለን ከእኔ እጅ እየቀማች ነበር የምትበላው።»

ከቅዳሴ መልስ የግቢው ሰው ሁሉ ምንጣፉን ይዞ ወጣ። እማማ ጠጅቱ ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ቆረሱ፤ ባቄላውና ስንዴው፣ ሽምብራውም በየሳህኑ ዞረ። ከዚያ ሁሉም ተነስቶ የእቴቴን በር ከበበው። ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው አዩት። ማንም እጁን አልዘረጋም።

«በጣም ያምራል» አሉ እማማ ጠጅቱ። «እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ። የእኔ ጥርስ እንኳ ለእንዲህ ያለው አይሆንም።» ይህን ሲሉ የተቆላ ሽምብራ እየቆረጠሙ ነበር።

አንዷ ሽታው እንደሚከብዳት ተናገረች። ሌላዋ አሁን ዳቦ ስለበላች ቦታ የላትም። አንዱ ልጅ ወደ ወይኑ እጁን ሲሰድ እናቱ ክንዱን ይዛ ወደ ኋላ ሳበችው። እኔ በኩራት ልፈነዳ ነበር። ተራራው ከማማሩ የተነሳ ማን ደፍሮ ያፍርሰው አልኩ። እቴቴ የነገረችኝ እውነት ነው፤ እንግዶች እጃቸውን ሊሰዱበት ይሳሳሉ።

«ሀረገወይን» አሉ እማማ ጠጅቱ ወደ እናቴ ዞረው። «የእህትሽን አንቺ ጀምሪልን።»

ሁሉም እናቴን አያት። እቴቴም አየቻት፤ ሳህን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች።

እናቴ ቁራሽ ዳቦ በእጇ ነበር። ቀስ ብላ ሳህኑ ላይ መለሰችው።

«እኔ ጾም ነኝ» አለች።

ሴቶቹ ንፍሯቸውን ማየት ጀመሩ። እኔ በእናቴ ኮራሁ። ሰው ሁሉ ሲበላና ሲጠጣ እሷ ብቻ ለእመቤታችን ብላ መጾሟ ነው።

ግንቦት ልደታ በየትኛውም ዓመት ጾም ላይ ውላ እንደማታውቅ የተረዳሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ፋሲካ የቱንም ያህል ቢዘገይ ልደታን አያልፋትም። ሁልጊዜ ሃምሳው ውስጥ ትውላለች፤ በሃምሳ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ይህን በዚያ ግቢ ከእኛ ከሕፃናቱ በቀር የማያውቅ አልነበረም። እናቴ ሆዴን ልትል ትችል ነበር፤ ራሴን ልትል ትችል ነበር። ደንግጣ አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች። ለእህቷ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ግልጽ አድርጎ መናገር አይቻልም ነበር።

በዚህ መሐል ጋሼ ኑሪ «እንኳን አደረሳችሁ» እያሉ ገቡ። በየዓመቱ ልደታ ሱቃቸውን ገርበብ አድርገው ይመጣሉ። ከትልቁ ጀምረው ሁሉንም ጨበጡ። እቴቴ ዘንድ ሲደርሱ እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁ። እሷ አመነታች፤ ከዚያ ጓንቷን አውልቃ ኪሷ ከተተችና ጨበጠቻቸው። ቶሎ አልለቀቋትም።

«ይሄ ለመታየት ነው ለመበላት?» አሉ ተራራውን እያዩ።

«ሀረገወይን ጾም ሆነችብን» አሉ እማማ ጠጅቱ። «እኛም እሷን እየጠበቅን ነው።»

«ጾም?» ጋሼ ኑሪ ቆባቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። «እኔ የእናንተን ጾም የማውቀው በእንቁላሌ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ይቆምብኛል፤ በፋሲካ ይሄድልኛል። ዘንድሮ ከፋሲካ ወዲህ አንድ ቀን አልቆመብኝም። ታዲያ ይሄኛው ጾም ለእኔ ሳይነገረኝ መቼ ገባ?»

ሳቅኩ። የሳቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጋሼ ኑሪ ቢስሚላህ ብለው ከቀዩ ቋጥኝ አንዱን አነሱ፣ ከእርጎው ላይ አጥቅሰው በወይን በሉት። «እንዲህ ነው እንጂ» አሉ፤ ማንጎም ወሰዱ፣ ቴምርም ወሰዱ። እቴቴ አፏን በእጇ ሸፈነች፤ የምትስቅ መሰለኝ። እሳቸውን የተከተለ ግን አልነበረም። ደንበኛ ከመንገድ ሲጣራ ወደ ሱቃቸው ሄዱ። እናቴ አንጓዬን ይዛ ወደ ቤት አስገባችኝና በሩን ዘጋችው። ወይን ሳልቀምስ በመግባቴ አለቀስኩ።

እቴቴ በማግሥቱ ዓመት ልደታን አላየችም። ጥቅምት ላይ ሞተች። መድኃኒቱ በነፃ መታደል የጀመረው እሷ ከተቀበረች ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ኋላ ከእማማ ጠጅቱ እንደሰማሁት በግቢያችን ሌላም ሰው መድኃኒቱን ይወስድ ነበር፤ ዛሬም አለ፤ ልጅ ድሯል። እንዲህ ያለውን ስሰማ ደስ ይለኛል፤ ቀጥሎ ደግሞ እበሳጫለሁ። ጥቂት ወራት ብቻ እኮ ነው። ቢደርስላት ኖሮ አሁን እዚህ ወጥ ቤት ውስጥ ከጎኔ ቆማ ፎርማጆውን አወፈርሽው ትለኝ ነበር። ትናፍቀኛለች። የማስታውሳት ከአንድ ዓመት ያነሰ ጊዜ ነው፤ ናፍቆቷ ግን ዕድሜዬን ሁሉ ተከትሎኛል። እናቴ ስለ እሷ ብዙ አታወራም። የዚያ የልደታ ዕለት ማታ ምን እንዳሰበች ግን አንዴ ጠይቄያት «ምንም አላሰብኩም፤ አንቺ ነሽ ያስነሳሽኝ» ብላኛለች።

ያስነሳኋት እንዲህ ነው። ወደ አመሻሹ ሰው ሁሉ ምንጣፉን ጠቅልሎ ገባ። የሁሉም ንፍሮና ዳቦ አልቋል። የቀረው የእቴቴ ተራራ ብቻ ነው። በመስኮት ሳያት በርጩማ ላይ ከተራራዋ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ከድመት የምትጠብቀው መሰለኝ። ሰማዩ ጠቁሯል። እናቴ ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብድግ ትላለች፤ የታጠበ ሳህን እንደገና ታጥባለች። ምሳም አልበላችም። አሳዘነችኝ።

«እማዬ» አልኳት፣ «ጾምሽን መቼ ነው የምትፈቺው?»

ሳህኑን እንደያዘች ቆማ አየችኝ። ቆርቆሮው ላይ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ኳ ኳ ማለት ጀመሩ። ሳህኑን አስቀምጣ ወጣች፤ ተከተልኳት።

«ተነሽ ግቢ፤ ዝናብ መጣ» አለቻት።

«የልደታ ምግብ ቤት አይገባም፣ እታለም።»

«ምግቡን ማን ግባ አለው፤ አንቺን ነው።»

«ትቼው አልገባም» አለች እቴቴ። ቁጣ አልነበረባትም፤ የደከማት ሰው ድምፅ ነበር። «የሚበላው ካጣ እኔም እዚሁ አብሬው አድራለሁ።»

እናቴ እንደቆመች ቀረች። ዝናቡ የተራራውን ጫፍ በሳ በሳ አደረገው፤ ማሩ ላይ ውሃ አቆረ። ከዚያ እናቴ የእማማ ጠጅቱን ዱካ ከግድግዳው ሥር ስባ አመጣችና ከእህቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች። እጇን ወደ ምግቡ ዘረጋች፤ መንገድ ላይ ቆመባት፤ መልሳ ጭኗ ላይ አኖረችው።

«እኔ መጀመር አልቻልኩም» አለች። «አንቺ አጉርሺኝ።»

እቴቴ ለረጅም ጊዜ አየቻት። በኋላ ከነጩ ተራራ በጣቷ ቆረሰች፤ አንድ ፍሬ ወይን ጨመረችበት። እናቴ ዓይኗን ጨፈነችና አፏን ከፈተች፤ ተቀበለቻት፤ ሳታኝክ ዋጠችው። ትከሻዋ ሲነቃነቅ አየሁ። እኔ ደስ አለኝ፤ ጾሙ ስለተፈታ ለእኔም ይደርሰኛል ብዬ ወደ ወይኑ ተጠጋሁ፤ የከለከለኝ አልነበረም።

እናቴ ዓይኗን ገለጠች። ዝናቡ ፊቷ ላይ ይወርዳል፤ አልጠረገችውም።

«ድገሚኝ» አለች።

እቴቴ ደገመቻት።